ተቋራጭ ለሠራበት ሰዓት ሁሉ ዋጋ ሊጠይቅ ይገባዋልን?

ሰው ለሰው ከሚሸጠው ነገር ሁሉ ለመስፈር የሚያስቸግረው ጊዜው ነው። እህል በቍና ይሰፈራል፥ ጨርቅ በክንድ ይለካል፥ ቅቤና ማር በሚዛን ይመዘናል፤ ሻጭና ገዥም ዐይናቸው እያየ ተስማምተው ይለያያሉ። የሰው ድካም ግን በሰዓት ተቈጥሮ በተሸጠ ጊዜ፥ ያለፈው ሰዓት ተመልሶ ሊታይ ስለማይቻል፥ የሚቀረው ምስክር የሠራተኛው ሕሊናና የጻፈው ወረቀት ብቻ ነው። በመሥሪያ ቤቶችና በተቋራጮች መካከል ብዙ ጊዜ የሚነሣው ክርክር የሚመጣው ከዚህ ነው። ጥያቄውም ይህ ነው፤ ሥራ በውል የያዘ ተቋራጭ ከተስማማበት ሰዓት በላይ የደከመ እንደ ሆነ፥ ለደከመበት ሰዓት ሁሉ ዋጋ ሊጠይቅ ይገባዋልን፥ ወይስ አንዳንዱን ሰዓት ስለ ሙያው ክብር ብሎ ሊተወው ይገባዋል?

ነገሩ የጥቂት ሰዎችን ኪስ ብቻ የሚነካ አይደለም። መንግሥት ታላቅ አሠሪ ነውና፥ ከመንገዱና ከድልድዩ፥ ከትምህርት ቤቱና ከሐኪም ቤቱ፥ ከሒሳብ ምርመራውና ከኮምፒዩተር ሥራው እጅግ ብዙው በተቋራጭ እጅ ይፈጸማል። ለዚህም የሚከፈለው ገንዘብ ከሕዝብ የተሰበሰበ ነው። ተቋራጩ ያልሠራውን ሰዓት ቢያስከፍል ሕዝብ ይበደላል፤ የሠራውን ሰዓት ዋጋ ቢከለከል ደግሞ እርሱ ይበደላል። በሁለት ወገን በደል ሊገኝበት የሚችል ነገር በችኮላ የሚፈረድ አይደለም።

በዚህ ነገር ሰዎች በሁለት ወገን ተከፍለው ይከራከራሉ። አንደኛው ወገን፥ «ሰዓት የሰው ዕድሜ ቍራጭ ነው፤ ዕድሜውን የሰጠ ሰው ደግሞ እስከ መጨረሻዪቱ ሩብ ሰዓት ድረስ ዋጋውን ሊያገኝ ይገባል» ይላል። ሁለተኛው ወገን፥ «ተቋራጭ ባለሙያ እንጂ የቀን ሠራተኛ አይደለም፤ ዋጋውን አስቀድሞ ያውቀዋል፤ አምሽቶ በተነሣ ቍጥር ሒሳብ የሚያቀርብ ሰው ሙያውን ያረክሳል» ይላል። ሁለቱም ከእውነት ድርሻ አላቸው። ስሕተታቸው የተሸጠው ነገር ምን እንደ ሆነ ሳይለዩ ስለ ዋጋው መከራከራቸው ነው።

ተቋራጭ የሚለው ስም ቈረጠ ከሚለው ግስ የወጣ ነው። ተቋራጭ ማለት ከአሠሪው ጋር ተነጋግሮ ዋጋውን የሚቈርጥ፥ ከቈረጠም በኋላ በቍርጡ የሚቆም ሰው ማለት ነው። ዳዊት የሚያጽፍ ሰው ከጸሐፊው ጋር በመጽሐፉ ዋጋ የተዋዋለ እንደ ሆነ፥ ጸሐፊው ብራናውን ሲፍቅ የዋለበትን ቀን፥ ቀለሙን ሲበጠብጥ ያረፈደበትን ጠዋት፥ በመብራት ያመሸበትን ሌሊት እየቈጠረ ሌላ ዋጋ አይጠይቅም። አስጻፊው የገዛው መጽሐፉን ነው። ጸሐፊው እጁ ፈጣን ቢሆንና በታሰበው ጊዜ እኩሌታ ቢፈጽም ትርፉ የእርሱ ነው፤ አስጻፊው «ቶሎ ጨርሰሃልና ዋጋህን ልቀንስ» ማለት አይችልም። እንደዚሁም ጸሐፊው ቢዘገይ ጕዳቱ የእርሱ ነው። ትርፉን ለራሱ ጕዳቱን ለሌላው የሚያደርግ ውል ግን ትክክለኛ ውል አይባልም።

የኢትዮጵያ ሕግም ይህንኑ መንገድ ይዟል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 2610፥ ሥራ ተቋራጭ ማለት በራሱ ኀላፊነት አንድ የታወቀ ውጤት ለማስገኘት ግዴታ የገባና ስለዚህም ከአሠሪው ዋጋ የሚቀበል ሰው መሆኑን ይገልጻል። የሕጉ ዐይን ያረፈው በሰዓቱ ላይ ሳይሆን በውጤቱና በኀላፊነቱ ላይ መሆኑን ማስተዋል ይገባል። ዳግመኛም ይኸው ሕግ በቍጥር 1731፥ በሚገባ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ ዘንድ እንደ ሕግ የሚጸና መሆኑን ያዝዛል፤ በቍጥር 1764ም፥ አንዱ ተዋዋይ የገባው ግዴታ አስቀድሞ ካሰበው ይልቅ ቢከብድበት እንኳ ውሉ እንደ ጸና የሚኖር መሆኑን ያስረዳል። እንግዲህ ውጤትን በቍርጥ ዋጋ የሸጠ ሰው፥ ሥራው እንዳሰበው ሳይቀልለት ስለ ቀረ ብቻ የማታውን ሰዓት ቈጥሮ አሠሪውን ሊያስከፍል አይገባውም። ይህን ቢያደርግ ሁለት ጊዜ መሸጥ ይሆናል፤ አንድ ጊዜ ውጤቱን፥ ሁለተኛም ውጤቱ የተሠራበትን ሰዓት።

ነገር ግን ዛሬ ተቋራጭ ከሚባሉት ሁሉ ውጤት የሚሸጠው ከፊሉ ብቻ ነው። የሕንፃ ሥራ የሚቈጣጠር አማካሪ መሐንዲስ፥ መዝገብ የሚመረምር የሒሳብ ዐዋቂ፥ በስብሰባ ላይ ቃል የሚመልስ አስተርጓሚ፥ የኮምፒዩተር ሥራ የሚያዘጋጅና የሚጠብቅ ባለሙያ፥ እነዚህ ብዙ ጊዜ ሥራው በምን ያህል እንደሚያልቅ አስቀድሞ ስለማይታወቅ በሰዓት ወይም በቀን ዋጋ ይዋዋላሉ። በዚህ ጊዜ ስማቸው ተቋራጭ ቢባልም የቈረጡት የሰዓቱን ዋጋ እንጂ የሥራውን ጠቅላላ ዋጋ አይደለም። ሥራው ይርዘም ይጠር የሚለው ዕዳ በአሠሪው ላይ ነው። አሠሪው ይህን መንገድ የመረጠው ሥራው ባጠረ ጊዜ ጥቂት ለመክፈል ነውና፥ ሥራው በረዘመ ጊዜ ብዙ መክፈሉን ሊጠላ አይገባውም። ስለዚህ ሰዓትን ለሸጠ ሰው መልሱ የተለየ ነው፤ የታዘዘበትንና የሠራበትን ሰዓት ሁሉ ሊቈጥር፥ ቈጥሮም ሊያሳውቅ ይገባዋል።

በዚህ ስፍራ ብዙ ሰዎች የሚሳሳቱበትን አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል፤ ይኸውም የደመወዝ ሠራተኛ ትርፍ ሰዓትና የተቋራጭ ትርፍ ሰዓት አንድ አለመሆናቸው ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1919 በዋሽንግተን ከተማ የተሰበሰበው የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የሥራ ጉባኤ የኢንዱስትሪ ሠራተኛ የሥራ ጊዜ በቀን 8 ሰዓት፥ በሳምንት 48 ሰዓት እንዲሆን ወሰነ። ኢትዮጵያም በ1923 የመንግሥታት ማኅበር አባል በሆነች ጊዜ በዚሁ የዓለም የሥራ ድርጅት ውስጥ ገባች። በአሜሪካም በ1938 የወጣው የሥራ ሕግ የሳምንቱን ሰዓት ቀስ በቀስ ወደ 40 አውርዶ፥ ከዚያ በላይ ለሚሠራው ከደመወዙ ከአንድ ተኩል ያላነሰ እንዲከፈል አዘዘ። የእነዚህ ሕጎች አሳብ በደመወዝ የሚያድር ሰው ለአሠሪው እንቢ ለማለት ዐቅም ስለሌለው ሕግ ስለ እርሱ እንቢ ይበልለት የሚል ነው።

በኢትዮጵያ ዛሬ የሚሠራበት የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156/2011 መደበኛውን ሥራ በቀን ከ8፥ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ከወሰነ በኋላ፥ የትርፍ ሰዓቱን ዋጋ በአራት ደረጃ ይመድባል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ለሚሠራው የመደበኛውን የሰዓት ክፍያ አንድ ተኩል እጥፍ፥ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ለሚሠራው አንድ ከሦስት ሩብ፥ በሳምንቱ የዕረፍት ቀን ለሚሠራው ሁለት እጥፍ፥ በሕዝብ በዓል ቀን ለሚሠራው ሁለት ተኩል እጥፍ እንዲከፈል ያዝዛል። ከዚህ በፊት በነበረው በአዋጅ ቍጥር 377/1996 የቀኑ አንድ ከሩብ፥ የሌሊቱም አንድ ተኩል ነበር። አዲሱ አዋጅ ትርፍ ሰዓቱ በቀን ከ4፥ በሳምንት ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ ይከለክላል። ከሁሉ ይልቅ የሚደነቀው ግን፥ ትርፍ ሰዓት በአሠሪው ግልጽ ትእዛዝ ብቻ እንዲሠራ፥ ትእዛዙና የተሠራውም ሰዓት በመዝገብ እንዲጻፍ ማዘዙ ነው።

ይኸው አዋጅ በራሱ የንግድ ወይም የሙያ ኀላፊነት ሥራ የሚይዘውን ሰው ከወሰኑ ውጭ ያደርገዋል። ስለዚህ ተቋራጭ «አንድ ተኩል እጥፍ ይገባኛል» ብሎ በዚህ ሕግ ሊከራከር አይችልም፤ በውሉ ውስጥ ያልጻፈው እጥፍ አይታሰብለትም። ነገር ግን ከእርሱ በታች ያሉት ግንበኛና አናጢ፥ ብረት አሳሪና ዘበኛ በደመወዝ የሚያድሩ ሠራተኞች ናቸውና ሕጉ ሙሉ በሙሉ ይጠብቃቸዋል። ተቋራጭ የራሱን ሰዓት ለአሠሪው ይቅር ሊል ይችላል፤ የሠራተኛውን ሰዓት ግን ይቅር ሊል አይችልም፥ የእርሱ አይደለምና። ሥራውን በርካሽ ቍርጥ ዋጋ ከያዘ በኋላ ጕድለቱን በቀን ሠራተኛው ምሽት የሚሞላ ተቋራጭ፥ ለመንግሥት ቸርነት ያደረገ መስሎ ከድኻ ወስዶ ለባለጠጋ የሚሰጥ ነው። የምንደኛውን ዋጋ ፀሐይ ሳትገባ እንዲከፍሉ የሚያዝዘው የኦሪት ሕግ የተሠራው ለዚህ ዓይነት ሰው ነው።

አሁን ነገሩ በመሥሪያ ቤት ውስጥ እንዴት እንደሚደርስ በምሳሌ ማየት ይጠቅማል። የመንግሥት የበጀት ዓመት ሰኔ 30 ቀን ይዘጋል። ወሩ በገባ ጊዜ ዓመቱን ሙሉ የተኛው ሥራ ሁሉ ባንድ ጊዜ ይነቃል። አንድ የንብረት መዝገብ በኮምፒዩተር እንዲያዘጋጅ በሳምንት 40 ሰዓት የተዋዋለ ባለሙያ አለ እንበል። ዓርብ ማታ በ11 ሰዓት፥ ወረቀቱን ሰብስቦ ሊነሣ ሲል፥ የክፍሉ ሹም ብቅ ይልና፥ «ይህ ነገር ሰኞ ጠዋት ለበላይ የሚቀርብ ነው፤ እንደ ምንም ብለህ አድርስልን» ይለዋል። ትእዛዙ በቃል ነው። ባለሙያው ቅዳሜን ይሠራል፥ እሑድንም ይሠራል፤ ልጆቹ ወደ ዘመድ ቤት ያለ አባት ይሄዳሉ። ሰኞ ጠዋት መዝገቡ ይቀርባል፥ ሹሙም ይመሰገናል። በወሩ መጨረሻ ባለሙያው የሁለቱን ቀን ሰዓት ጨምሮ ሒሳቡን ሲያቀርብ፥ ገንዘብ ያዡ ውሉን ገልጦ፥ «እዚህ 40 ሰዓት ነው የሚለው፤ ከዚህ በላይ እንድትሠራ ማን አዘዘህ?» ይለዋል። ሹሙ ይጠየቃል። ሹሙም፥ «እኔ አድርስልን አልሁ እንጂ አስከፍለን አላልሁም» ብሎ ይመልሳል።

በዚህ ነገር ገንዘብ ያዡ አልበደለም፤ ያልተጻፈ ትእዛዝ ገንዘብ አያወጣም። ባለሙያው ግን ከዚያች ቀን በኋላ ሦስት መንገድ ይታየዋል። አንደኛው፥ ሁለተኛ ጊዜ በተለመነ ጊዜ እንቢ ማለት ነው፤ ይህን ቢያደርግ ውሉ ሳይታደስለት እንዳይቀር ይፈራል። ሁለተኛው፥ ዝም ብሎ በነጻ መሥራት ነው፤ ይህም እየዋለ እያደረ ያስመርረዋል፥ በምሬት የሚሠራም ሥራ አያምርም። ሦስተኛውና ከሁሉ የከፋው፥ ያጣውን ሰዓት በሌላ ወር ያልሠራበት ቀን ላይ ደብቆ መጻፍ ነው። «የራሴን ነው የወሰድሁ» ብሎ ሕሊናውን ያጽናናል። ነገር ግን አንድ ጊዜ ሐሰት የተጻፈበት መዝገብ ዳግመኛ አይታመንም፤ የራሱን ለመመለስ ሐሰት መጻፍን የለመደ እጅም የሌላውን ለመውሰድ ሩቅ አይሆንም። ሐሰተኛ ሒሳብ ሁሉ ከስስት የተወለደ አይደለም፤ የሚበዛው እንዲህ ካለው የተረሳ ቅዳሜና እሑድ የተወለደ ነው።

አንዳንድ ሰው፥ «ትርፉን ሰዓት ሳይጽፍ በነጻ የሚሠራ ተቋራጭ ትሑትና አገር ወዳድ ነው፤ መንግሥትም ይጠቀማል» ይል ይሆናል። ይህ ሲሰሙት ያማረ ነገር ነው፤ ሒሳቡ ሲመረመር ግን እንደዚህ ሆኖ አይገኝም። አንድ ተቋራጭ ሰዓቱን በ400 ብር ሸጦ በሳምንት 40 ሰዓት እሠራለሁ ቢል ዋጋው 16,000 ብር ነው። ሥራው ግን በእውነት 50 ሰዓት የሚፈጅ ነው፤ እርሱም ዐሥሩን ሰዓት ደብቆ በነጻ ይሠራዋል። ሌላው ተቋራጭ ሥራውን በትክክል መዝኖ፥ 50 ሰዓት በ350 ብር፥ ጠቅላላው 17,500 ብር ብሎ ያቀርባል። መርማሪው ድምሩን አይቶ የመጀመሪያውን ይመርጣል። ሰዓቱን በርካሽ ያቀረበውና እውነቱን የጻፈው ሰው ይወድቃል፤ ሰዓቱን በውድ ያቀረበውና እውነቱን የደበቀው ሰው ያሸንፋል። በሚመጣው ዓመት ደግሞ መሥሪያ ቤቱ ያለፈውን መዝገብ አይቶ «ይህ ሥራ የ40 ሰዓት ሥራ ነው» ብሎ በጀት ያሲዛል። ያ ሰው ቢታመም ወይም ቢሄድ፥ የሚተካው ሰው በዚያው በ400 ብር 50 ሰዓት ሲሠራ 20,000 ብር ይጠይቃል፤ በየሳምንቱ 4,000 ብር ይጐድላል፤ የጐደለበትም ምክንያት ለማንም አይታወቅም። እንግዲህ የተደበቀ ስጦታ የተደበቀ ዕዳ መሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ይህን ችግር ሌሎች መንግሥታት ቀድመው አይተውታል። በአሜሪካ የመንግሥት ግዥ ደንብ፥ በሰዓት ቍጥር በሚገዛ የሙያ አገልግሎት ለመወዳደር የሚቀርብ ተቋራጭ፥ የትርፍ ሰዓት ሕግ የማይመለከታቸው ሠራተኞቹ በሳምንት በአማካይ ከ40 ሰዓት በላይ ያለ ተጨማሪ ዋጋ የሚሠሩለት እንደ ሆነ፥ ይህን ሰዓትና በዚያ ምክንያት የሚወርደውን የሰዓት ዋጋ ገልጦ እንዲያስታውቅ ይገደዳል። ደንቡ ለማስረዳት የሚሰጠው ሒሳብ እንዲህ ነው፤ ሰዓቱ 20 ዶላር ተብሎ በ40 ሰዓት ዋጋ 45 ሰዓት የሚሠራ ከሆነ፥ የሰዓቱ ዋጋ ወደ 17 ዶላር ከ78 ሳንቲም ይወርዳል ማለት ነው። ትርፉን ሰዓት ለዋጋ ሲገምት የያዘውን የሒሳብ ዘዴም ሰዓቱን ሲመዘግብ ሳይለውጥ እንዲከተል ያስገድደዋል። ደንቡ እንዲህ ያለውን ያልተከፈለ ሰዓት ፈጽሞ አይከለክልም፤ ነገር ግን አያበረታታውም። የሚከለክለው መደበቁን ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ከዐቅም በላይ በነጻ በሚሠራ ሰው ላይ የተመሠረተ ርካሽ ዋጋ ብዙ ጊዜ ሥራውን ሳያደርስ ይሰበራል።

የሆነ ሆኖ፥ ሰዓት ሁሉ ይመዝገብ ማለት ሰዓት ሁሉ ይከፈል ማለት አይደለም። ባለሙያው ዐውቀዋለሁ ብሎ የገባበትን ሙያ ሲማር የዋለበት ሰዓት የእርሱ ነው። ራሱ ያበላሸውን ሲያቃና ያመሸበት ሰዓት የእርሱ ነው፤ የተሳሳተ ገጽ የጻፈ ጸሐፊ ያንን ገጽ ፍቆ ዳግመኛ ለጻፈበት ዋጋ አይጠይቅምና። ማንም ሳያዝዘው፥ ሥራውን ከተፈለገው በላይ ለማስጌጥ ሲል የጨመረውም ሰዓት የእርሱ ነው። በአንጻሩ አሠሪው አሳቡን ስለ ለወጠ ዳግመኛ የተሠራው፥ አሠሪው ወረቀት በማዘግየቱ የባከነው፥ አሠሪው ስለ ቸኰለ በሌሊት የተሠራው፥ ይህ ሁሉ የአሠሪው ዕዳ ነው። እንግዲህ ትክክለኛው መለያ ሰዓቱ ከ40 በፊት ነው ወይስ ከ40 በኋላ የሚለው አይደለም፤ ሰዓቱን ያመጣው የማን ምክንያት ነው የሚለው ነው።

በታላላቅ የግንባታ ሥራዎች ይህ መለያ ከታወቀ ቈይቷል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1913 የተመሠረተውና ፊዲክ በሚባል ስም የሚታወቀው ዓለም አቀፍ የአማካሪ መሐንዲሶች ማኅበር፥ በ1999 ባሳተመው የግንባታ ውል፥ በዕረፍት ቀንና ከመደበኛው ሰዓት ውጭ ሥራ እንዳይሠራ ይከለክላል፤ የሚፈቅደውም በውሉ የተጻፈ፥ ወይም መሐንዲሱ የፈቀደው፥ ወይም ነፍስንና ንብረትን ወይም ሥራውን ራሱን ከአደጋ ለመጠበቅ የግድ የሆነ እንደ ሆነ ነው፤ በዚህ በመጨረሻውም ጊዜ ተቋራጩ ወዲያውኑ እንዲያስታውቅ ያዝዘዋል። ተቋራጩ በራሱ ጥፋት ወደ ኋላ ቀርቶ ሰዓት እንዲጨምር የታዘዘ እንደ ሆነ ግን ወጪው በራሱ ላይ ነው፤ ይህም መፋጠን በአሠሪው ላይ ወጪ ቢያመጣ እርሱኑ ይከፍላል። የዘገየው ይክፈል ማለት ነው። ይህን በድልድይና በግድብ ሥራ የሚያውቅ መሥሪያ ቤት፥ በጽሕፈት ጠረጴዛ ላይ ለሚሠራው ባለሙያ ሊዘነጋው አይገባም።

የኢትዮጵያ ገበሬ ይህን ፍርድ ከማንም መማር አላስፈለገውም። በወንፈል ጊዜ ጐረቤት ለጐረቤቱ አንድ ቀን አርሞለት እንደ ሆነ፥ ያ ጐረቤት ደግሞ ተራው ሲደርስ አንድ ቀን ያርምለታል። ማንም በብዕር አይጽፈውም፤ ነገር ግን ማንም አይረሳውም። በደቦ ጊዜ ግን ቀን አይቈጠርም፤ የጠራው ሰው ጠላውንና እንጀራውን ያቀርባል፥ የመጣውም ለርዳታ እንደ መጣ ያውቃል። ሁለቱ የተለያዩ መሆናቸውን ሁሉ ስለሚያውቅ ጠብ አይነሣም። ጠብ የሚነሣው አንደኛው ወንፈል ነው ሲል ሁለተኛው ደቦ ነው ያለ እንደ ሆነ ነው። በመሥሪያ ቤትም የሚሆነው ይኸው ነው፤ ሹሙ የባለሙያውን ቅዳሜ ደቦ አድርጎ ይቈጥረዋል፥ ባለሙያው ግን ወንፈል ነው ብሎ ይጠብቃል።

በወንጌል ያለውን የወይን ቦታ ሠራተኞች ምሳሌ የሚያስታውሱ ሰዎች፥ «በነግህ የገባውና በዐሥራ አንድ ሰዓት የገባው እኩል ዋጋ አልተቀበሉምን? እንግዲህ ሰዓት መቍጠር ለምን ይጠቅማል?» ይሉ ይሆናል። ምሳሌው ስለ መንግሥተ ሰማያት የተነገረ እንጂ ለደመወዝ መዝገብ የተሠራ ደንብ አይደለም። ሆኖም በውስጡ ሁለት ነገር ይገኛል። በመጀመሪያ፥ ባለቤቱ ከቀደሙት ጋር የተዋዋለውን ዋጋ አንዳች ሳያጐድል ከፍሏል። ሁለተኛም፥ ለኋለኞቹ የጨመረው ከገዛ ገንዘቡ ነው፤ የጨመረውም ሁሉ እያየ ነው፥ የኋለኞቹ አስቀድመው እንዲቀበሉ አድርጓልና። ቸርነት ከራስ ገንዘብና በግልጥ ሲሆን ቸርነት ነው። ተቋራጭም ለመንግሥት ሰዓቱን ሊሰጥ የወደደ እንደ ሆነ፥ መልካም ነው፤ ነገር ግን በሒሳቡ ወረቀት ላይ «የተሠራው 50 ሰዓት፥ ዋጋ የተጠየቀበት 40፥ በፈቃድ የተተወው 10» ብሎ ይጻፈው። ይህን ያደረገ ሰው ስጦታውም ይታወቅለታል፥ የሚመጣውም በጀት በእውነት ላይ ይመሠረታል፥ ከእርሱ ጋር የሚወዳደረውም ሰው አይበደልም።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ምክር አጭር ነው። ተቋራጭ ውጤትን በቍርጥ የሸጠ እንደ ሆነ በቍርጡ ይቁም፤ ሰዓትን የሸጠ እንደ ሆነ የሠራውን ሰዓት ሁሉ ይጻፍ፥ በአሠሪው ትእዛዝና ምክንያት የመጣውን ያስከፍል፥ በራሱ ጕድለት የመጣውን ይሸከም፥ ሊሰጥ የወደደውን በግልጥ ይስጥ። የሠራተኞቹን ትርፍ ሰዓት ግን ሥራው ቢያተርፍም ቢከስርም በሕጉ ልክ ይክፈል። አሠሪ መሥሪያ ቤትም ውል ሲጽፍ ከመደበኛው ሰዓት በላይ ቢሠራ ማን እንደሚያዝዝ፥ በምን ያህል ዋጋ እንደሚታሰብ፥ ከስንት ሰዓት እንዳያልፍ አስቀድሞ ይቍረጥ። ሹም የሆነ ሰው ደግሞ ዓርብ ማታ ሥራ የሚያዝዝ ከሆነ፥ ሁለት መስመር ወረቀት መጻፍን አይክበደው። ሊጽፈው የማይደፍረውን ትእዛዝ በአፉ ሊያዝዝ አይገባውም።

አበው በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይላሉ። በዓርብ ማታ የታዘዘው ቃል ሰኞ ይረሳል፤ የታዘዘው ሰው ግን ቅዳሜውንና እሑዱን መልሶ አያገኘውም። ዋጋው በአሠሪው ላይ ይሁን ወይስ በሠሪው ላይ ይሁን የሚለው ክርክር ሁሉ ሊፈረድ የሚችለው ሰዓቱ በእውነት የተጻፈ እንደ ሆነ ነው። ያልተጻፈ ሰዓት ግን ለከፋዩም ለተከፋዩም ለዳኛውም የማይጠቅም፥ ከአንድ ሰው ዕድሜ ላይ ተቈርጦ የወደቀ ነገር ሆኖ ይቀራል።